የወንበር ጉብኝት

ጠባሴ፣ መንገድ ዳር፣ ፎቶ ኮፒ ቤቴ፣
ገና ሳይሞቅልኝ ጣቴና ጉልበቴ፣
ጋሽ ወልደየስ ገቡ፣ ካርታ በፌስታል ይዘው፣
እትዬ በለጥሻቸው ከኋላ ተከትለው።

«ኤምባሲው ይፈልጋል የየቀኑን ውሎ፣
የት ገብተን የት እንደምንወጣ፣ በሰዓት ተከፍሎ።»

ሊዝበን። አራት ቀን።
የኔ ሩቅ አገር ሸዋሮቢት ነበር፣
ከጣርማበር ወርዶ፣ ሹራብ የሚወልቅበት፣ የማንጎው ሠፈር።

«ቀን አንድ» ብዬ ጻፍኩ፣ «ጠዋት ሦስት ሰዓት...»
«በኛ ነው በነሱ?» አሉ እትዬ ድንገት፤
«በነሱ ሦስት ከሆነ ሌሊት ነው፣ ማን ወጥቶ!»
ሦስቱ ተሰረዘ፣ ዘጠኝ ተተክቶ።

ጋሽ «ሰባት ኮረብታ» ብለው ከመጽሐፉ ሲያነቡ፣
የእትዬ ሁለት እጆች ጉልበት ላይ ተሰበሰቡ።
«ሰባት ለአራት ሲካፈል» አሉ ጋሽ ወልደየስ፣
ሠላሳ ዓመት የቆጠሩ የፋብሪካ ብርድ ልብስ፣
«በቀን አንድ ከሦስት አራተኛ ኮረብታ ይደርስ፤
ሦስት አራተኛው ላይ ቁጭ ብለን ሻይ እንቅመስ።»

ቀን ሁለት፣ ወንዙ ዳር፣ ቤሌም የሚሉት ነው።
«ቤተልሔም እኮ ነው፣ ምላስ አሳጥሮት ነው።»
«እንግዲያው ኅብስቱን ማን ይሆን የሚጋግረው?»
አሉ እትዬ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሥዕሉን አሳዩኝ፦ በእንቁላል የተሠራ፣
ክብ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ፣ መሐሉ የሚያበራ።
በጣቴ ስቆጥር ግን ቀኑ ዓርብ ላይ ዋለ።
ግንቡ ወደ ቅዳሜ፣ ሙዚየሙ ወደ ዓርብ፣ ሁሉም ተንከባለለ።
ማን አየ፣ ማንስ ሰማ፣
አንዲት እንቁላል ስታዞር አንድ ዋና ከተማ?

መብራት ሄደ። ውርጩ በሩን ገፋ።
ቀን አራት፣ ሴቭ ሳላደርገው፣ ከነመንገዱ ጠፋ።

በጨለማው መሐል ጋሽ ወልደየስ አወሩ፦
«ከዚያች ከተማ ሰዎች ድሮ መጥተው ነበሩ፣
ወደኛው ሸዋ፤ አምስት መቶ ዓመት ይሆናል፤
ስድስት ዓመት ሲቆዩ ማን ውሎ ጠይቋቸዋል?
ከኛም አንድ ቄስ ተልኮ ሄዶ ደጃቸው ቆመ፣
ሃይማኖትህን አስረዳ ሲሉት ዓመት ዓመትን ደገመ።
ታዲያ አራት ቀን ምን አላት?» ዝም አልን ሦስታችንም።
ጎረቤት ጄኔሬተር ጮኸ፤ እኔ ግን የለኝም።

ሲመጣ መብራቱ ቀን አራትን ፈለግሁት፣
«ምን ነበር?» ብላቸው ሁለቱም ረሱት።
እትዬ ናቸው ያሉት፦ «ምን ያስጨንቅሻል፣ ጻፊ፦
ጠዋት፣ ወንዙን ማየት።
ከሰዓት በኋላ፣ መቀመጥ።»

«እትዬ፣ መቀመጥ የሚል ቃል ኤምባሲው ይፈራል፤
ሊቀሩ ነው ብሎ በሩን ይዘጋባችኋል።»
«እኔ ልቀር?» አሉ፣ «ማክሰኞ ዕቁብ አለብኝ፣
የዕቁቡስ ዳኛ ማን ሆነና? እኔው አይደለሁ? እኔው ነኝ!»

«ማረፍ» ልል አሰብኩ፤ እሱ ደግሞ ባሰ፤
ለቅሶ ቤት የሚባል ቃል፣ ድንኳን የለበሰ።
ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ።
ሲቸግረኝ ጊዜ፣ «የወንበር ጉብኝት» ብዬ ቀኑን ዘጋሁት።

አራት ገጽ ወጣ፣ ትኩስ፤ እትዬ መዳፋቸውን አሞቁበት፣
ከዚያ አንብበው ሳይሆን አሽትተው አጠፉት።

ጋሽ ሒሳቡን ከፍለው፣ ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣
ካርታውን ወደ ፌስታሉ እንደ ሕፃን አስተኝተው፣
ከደፉ መለስ አሉ፦ «እዚያስ ውርጭ አለ?»
አላውቅም አልኳቸው። ካርታው ወንዝ እንጂ ስለ ብርድ ያለው የለ።

ቀጥሎ የቆመው ሰው የኪራይ ውል ዘረጋ።