ማን ሞተብህ

ጢሜን ካሳደግሁት ሦስት ሳምንት አለፈኝ፤
ከአውቶፓርኮ እስከ ፒያሳ ያገኘኝ ሁሉ እያቆመ ጠየቀኝ፦
«ማን ሞተብህ ልጄ? ምነው ሳንሰማ?»
ማንም አልሞተብኝ፤ አንገቴ ነው እማማ።
ጎንደር እንዲህ ናት፤ ከሰው አገጭ ላይ ለቅሶ ታነባለች፤
ሳትጠይቅ አታልፍም፤ መልሱን ሳትሰማም «ነፍስ ይማር» ትላለች።

አንገቴ ነው እንጂ፣ ምላጭ የማይወድ፣
ስለት ባለፈበት እንደ ምስር ችፍ የሚል፣ እንደ ሚጥሚጣ የሚነድ፤
ጸጉሩ ተላጭቶ ሲያበቃ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጣፊ፣
ከቆዳዬ በታች ተጠቅልሎ የሚተኛ፣ እንደ አኩራፊ።

ሁሉን ሞክሬያለሁ። ሎሚ ቀባሁ፤ ነደደ።
አልኮል አርከፈከፍሁ፤ ዓይኔ እንባ አወረደ።
ቫዝሊን ለቀለቅሁት፤ የክፍሌ ተማሪ
«ቲቸር ላብ ነው ወይስ ዘይት?» አለ አንዱ ቀባጣሪ።

ደመወዝ በወጣ ማግሥት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣
ገባሁ ከጣልያኑ ፎቅ ሥር፣ ሱቅ ካለው ከአታላይ።
(ስሙ ነው እንጂ እሱ ሰው አታሎ አያውቅም፤ ይላል ራሱ አታላይ።)
ሁለት ማሽን አወጣ ከነካርቶናቸው፣
በመስታወቱ ላይ እንደ መንታ ሕፃን ጎን ለጎን አስተኛቸው።
አንዱ ሦስት ዓይና ነው፤ ክብ ጥርሶቹ እንደ ወፍጮ የሚዞሩ፤
ሌላው ፊቱ ዝርግ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወንፊት፣ ምላጩ ከሥሩ።
«ሦስት ዓይናውን ውሰድ፤ ጢም አይምርም፤ ባለሥልጣን የሚይዘው ይኸን ነው።»
«ጢሙንስ አይማረው፤ ቆዳውን ይምራል ወይ? የኔ ችግር እሱ ነው።»
«ያው ዋጋው ይለያል።» «ዋጋ አልጠየቅሁህም።» «መጠየቅህማ አይቀሬ ነው።»

አስነሳልኝ አልሁት። ሦስት ዓይናው እንደ ባጃጅ አጓራ፤
ወንፊቱ ግን ቀስ ያለ፣ ቀፎ ውስጥ እንደቀረች አንዲት ንብ፣ ለራሷ እንደምታወራ።
በክርኔ ግልባጭ ሞከርሁት፣ ቆዳዬ ገና ልጅ በሆነበት፤
አልጋለም፣ አልቆነጠጠም፤ እንደ ድመት ምላስ ሻከር ብሎ አለፈበት።

ጋሽ ማንደፍሮ፣ የማዶው ጸጉር አስተካካይ፣
ለቶንዶሱ ዘይት ሊገዛ ገብቶ፣ ቆይቶ ኖሯል እኛን ሲያይ፤
አገጬን በሁለት ጣቱ ቀና አድርጎ፣ እንደ ገበያ በግ አይቶ፣
«የአባትህ አንገት» አለኝ። «የይርሳው አንገት።» ደግሞ ዝም አለ፣ ዘይቱን ኪሱ ከትቶ።

አባቴ ጢማም ነበር። የአጎቴ ሐዘን ነው ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁት፤
ወንድሙ ከቀረ ወዲህ ምላጭ ፊቱ አልደረሰም፤ በዚህ ነው ያከበርሁት።
ሰርግ ቤት ሲገባ እንኳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግለት ነበር፤
ሃያ ዓመት ያልተነሣ ድንኳን፣ በአንድ አገጭ ላይ ሲኖር።

«ሐዘንስ ነበረው፤ አልዋሽህም» አለ ጋሽ ማንደፍሮ፣
«በሙት ዓመቱ ማግሥት ግን መጣ። ላጨኝ አለ፤ ላጨሁት፤ አንገቱ ሸክላ መሰለ አድሮ፤
በሳምንቱ ተመለሰ፣ እንዲያው ይቅር ተባባልን።
ለሐዘኑ ያከበረው ሰው፣ ለችፍታው ያከብረዋል ወይ? ብለን
ዝም አልን። ሁለታችንም። ቻልን።»

ወንፊቱን ገዛሁት። (አታላይ አራት መቶ ብር ቀነሰልኝ፤
«የተላጨበት ዕቃ አይመለስም» ሲልም ሁለቴ አስጠነቀቀኝ።)

ማታ ፊቴን ታጠብሁ በለብታ ውኃ፤ አደረቅሁት በደንብ፤
ሳልጫን፣ ሳልቸኩል፣ ወደ ጸጉሩ መውረጃ ነዳኋት ያቺን ንብ።
ግራ ጉንጬ አለቀ። ቀኙን ልጀምር ስል፣
መብራት ሄደ። ማሽኑም ተከተለው፤ ቻርጅ አላደረግሁትም፣ እንደ ቂል።

በሻማ ብርሃን መስታወቱ ውስጥ አየሁ፦ በግራ እኔ፣
በቀኝ አባቴ፤ ያው ዓይን፣ ያው አንገት፣ ተጣብቆ ከጎኔ።
«ለቆዳህ ነው ለወንድምህ?» ልለው አፌን ብከፍት፣
እሱም እኩል ከፈተ፤ እሱም እኩል ዝም አለ ባንድ ፊት።

እሑድ ጠዋት መብራት ሳይመጣ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ፣ በግማሽ ጢሜ፤
እትዬ አጓጉሽ በራቸው ላይ ሆነው ትክ ብለው አዩኝ፤ ጠበቅኋቸው ቆሜ።
«ምነው ልጄ፣» አሉ፣ «ሐዘኑን አጋመስኸው?»

«አዎ» አልሁ። እንዲህ ያለ መልስ ለካ አይከብድም።
አንገቴን ዳሰስሁት። ግራው አልነደደም።