አፈር ስሆን

ከጫጫ ወጣ ሲሉ፣ ከአስፋልቱ በስተግራ፣
ላስቲክ የለበሰ ቤት አለ፣ ሌሊቱን የሚያበራ።
እዚያ ነው የምሠራው። በር ላይ ቦቲዬን አጥቤ፣
ጥፍሬን በብሩሽ ፍቄ፣ ፀጉሬን በሻሽ ሰብስቤ
እገባለሁ። አፈር ክልክል ነው።
ሱራፌል፣ ባለሙያው፣ በመጀመሪያው ቀን ያለን ይኸው፦
«አፈር በሽታ ነው፤ በጫማችሁ እንዳታስገቡ።»
እሺ አልን። ነጫጭ ሥሮች ከቱቦ ውስጥ ሲጠቡ፣
ምግቡ በውኃ ተበጥብጦ፣ በጠብታ ተለክቶ፣
በሶብላው መዳፍ አክሎ፣ ቅጠሉ ወዝቶ ሰፍቶ፣
በሃያ ስምንተኛው ቀን መቀስ ያርፍበታል፤
ሐሙስ ማታ በማቀዝቀዣ መኪና፣ ዓርብ ሰማይ ላይ ይውላል።

ከአጥሩ ወዲያ የባሌ ነው፤ የሸዋፈራሁ ማሳ፣
ድንጋዩ አያልቅም፣ ቢለቀም ቢነሳ፤
ዳር ዳሩን ጦስኝ፣ መሀሉን በሶብላ ዘርቶ፣
ደመና ሲያልፈው ይለምናል፣ አንገቱን አቅንቶ፦
«አፈር ስሆን፣ አንዴ ብቻ!»

ማታ ማታ እጄን ያሸታል፤ ያበሽቀኛል።
«የእናንተው በሶብላ» ይላል፣ «ሳይጨብጠኝ፣ በሩቁ ሰላም ብሎ ያልፈኛል።»
የእርሱስ ከጣት አይለቅም፣ ቢታጠቡም እስከ ነጋታው።
እውነቱን ነው። ሽታ ግን ውርጭን መቼ ረታው?
ጥቅምት ሲያልቅ ወረደ። ሌሊቱ ጥርት ያለ፣
ኮከቡ የበዛ ነበር፤ ማለዳ ማሳው ከሰለ።
ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፣ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው።
በዚያ ወር የበላነው ገብስ በእኔ ደመወዝ የተሸመተ ነው፤
አንዳችንም አላነሳነው።

በመጋቢት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሳለና ዝም አለ።
ቱቦው ደረቀ፤ ሥሩ ሁሉ ባዶ ላይ ተንጠለጠለ፤
አፈር ቢኖር የትናንቱን ውኃ ባቆየላቸው።
በጄሪካን፣ በባልዲ፣ በሻይ ኩባያ ሳይቀር አጠጣናቸው።
ሱራፌል ከፊት ይሮጣል፣ ሸሚዙ ከላዩ ወልቆ፣
እጁን እያርገበገበ፣ ባለሙያነቱ አልቆ፦
«አፈር ስሆን፣ እናቶቼ፣ አፈር ስሆን፣ ቶሎ በሉ!»
«አፍህን ታጠብ፣ አፈር አስገባህ!» ስትለው ትርፍነሽ፣ ሴቶቹ ሳቁ ሁሉ፤
እየሳቅን ግማሹን አዳንን። ግማሹ እዚያው ቀረ።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበረ።
እጄን ስቦ አሸተተው። ቆየ። ደግሞ አሸተተ።
«ዛሬስ ይሸታል» አለ፣
«ዛሬስ ጨበጠኝ።»

«ጠምቶት ነው» አልኩት።