የሦስት ቀን ሂሳብ

ለባለ ጀልባው ለአቶ ጥጋቡ

«አራት ሽቦ ለመቀጠል ሦስት ቀን ሙሉ?» ብለዋል፤
እውነትዎን ነው፣ ሽቦው አራት፣ ቀኑም ሦስት ሆኗል።
ግን ደረሰኝ ላይ የማይሰፍር ነገር አለ፣ አቶ ጥጋቡ፣
እሱን ይስሙኝና ከዚያ ይታይ ሂሳቡ።

ካሜራዎቹ አሮጌ ናቸው፤ አንዱ ከኋላ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ፣
አንዱ ከሞተሩ ጓዳ፣ ናፍጣ በጠጣ ግድግዳ ላይ።
ቢጫ መሰኪያቸው ዝጎ፣ መስተዋታቸው ድር አድርቶበት፣
ግን አሥራ ሁለት ቮልት ሲቀምሱ ዓይን ናቸው፣ ያው እንደ ጥንት።
የሚናገሩት በሞገድ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣
ጣና ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ከጎርጎራ ሲነሣ፣ ልክ እንደዚያ ይዋልላል።
አዲሱ ማሳያዎ ደግሞ፣ ከዱባይ ይሁን ከየት የመጣው፣
ሞገድ አይሰማም፤ ዜሮና አንድ ካልሆነ ቃል አይገባው።

የመጀመሪያው ቀን ያለቀው
ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሲተያዩ ነው፤
እንደ ትንንሽ ታንኳ ሻጭና እንደ ውጭ አገር ጎብኚ፣
ሁለቱም እጅ የሚያወናጭፉ፣ በመካከል ሳይኖር አስጎብኚ።

ሁለተኛው ቀን በአስተርጓሚ ፍለጋ ሄደ።
ትንሽ ሣጥን ናት፣ የክብሪት ቤት ሁለት እጥፍ፣
በአንድ ጆሮዋ ሞገድ ሰምታ በሌላ እጇ ቁጥር የምትጽፍ።
ቀበሌ አሥራ አራት፣ ሬዲዮ ጠጋኙ አንማው ዘንድ አገኘኋት፣
ከተዘጋ ሆቴል ዘበኛ ክፍል የተነቀለች።
ስሰካት ሥዕሉ መጣ። መጣ እንጂ ተንከባለለ፣
ከላይ ወደ ታች እንደ ወፍጮ፤ ቀለምም የለ።
የሌላ አገር ልማድ ይዛ ኖሯል፤ ወደ እኛ መለስኳት፣
ሐይቁ ቡናማ ሆነ፣ እንደ እውነቱ።

ሞተሩ ሲነሣ ግን ጥቁር መስመር በሥዕሉ ላይ ይወጣል፣
እንደ ጥለት፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሲነሣ ይመጣል።
እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት በሆዴ ተኝቼ ከወለሉ ሥር
ሽቦ በሽቦ ተከተልኩት።
ሁለት መሬት ነበረው ጀልባዎ፤
ካሜራው ከአንዱ ታስሮ፣ ማሳያው ከሌላው።
ጀልባ፣ አቶ ጥጋቡ፣ ውኃ ላይ እያለ
ሁለት መሬት ከያዘ ያጉረመርማል።
አንዱን ቆረጥኩ። ዝም አለ።

ሦስተኛው ቀን ከአያ ልንገረው ጋር ወጣን፣ ወደ ደቅ።
ማሳያው ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ ካርታ፣ በቀኝ ሥዕል።
ካርታው ምን አለ መሰለዎ?
ጀልባዋ ማሳ መሐል ትሄዳለች፣
በሰዓት አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ደረቅ መሬት ታርሳለች።
የሣለው ሰው ጣናን በዓይኑ አላየም።
በቀኝ በኩል ግን የኋላችን አረፋ፣
ፕሮፔለሩ የከተፈው እንቦጭ።
አያ ልንገረው ሁለቱን አየ፤ «በሬዎቹስ የት አሉ?» አለ።

ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ ወደ ኋላ ወረወረ።
ልጣጩ ውኃ ላይ ወደቀ፤
ከዚያ፣ ቆይቶ፣ ሥዕሉ ላይ ወደቀ።
«ይሄ እኮ ያለፈውን ነው የሚያሳየኝ» ብሎ ተቆጣ።
ግማሽ ሰከንድ ናት፣ አልኩት፤ አስተርጓሚዋ ለማሰብ የምትወስዳት።
ትንሽ ዝም አለና፣
«ግዕዝ ለሚፈታም ትንፋሽ ይፈቀድለታል» ብሎ ማራት።

ስንመለስ መሽቶ ነበር። ወደ መቆሚያው በኋላ ማርሽ ስንገባ
ካርታው ያው ባዶ ማሳ፤
ሥዕሉ ውስጥ ግን፣ በዚያ እንደ አሸዋ በሚንቀጠቀጥ ጨለማ፣
አንድ ታንኳ፣ እንጨት የጫነ፣ መብራት የሌለው፣
በጀርባችን ሊያቋርጥ።
እኔ አፌን ሳልከፍት አያ ልንገረው ማርሹን ለቋል፤
ግማሽ ሰከንዷን ቀድሞ ቆጥሯት ኖሯል።
ቀዛፊው ቀና ብሎም አላየን፤
መቅዘፊያውን ነከር፣ ነከር እያደረገ አለፈ።

እንግዲህ ሂሳቡ፦ ሽቦ አራት፣ ሣጥን አንድ፣
ቀን ሦስት። የብርቱካኑን እኔ ከፍያለሁ።
ካርታው እስከ አሁን እያረሰ ነው፤
እሱ ሌላ ዋጋ ነው።