ግማሽ ሰዓት

ቢያሊስቶክ በጥር፤ ከሌሊቱ አስር፤
ውጪ የቆመው ሁሉ በውርጭ ሲታሰር፣
ከራስጌዬ መብራት፣ ከብርጭቆዬ ስር
አንዲት ክኒን አለች፤
ምስር ታህላለች፤
እኔ ብረሳም እንኳ እሷ ሰዓት ታውቃለች።

አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
ከተማውን ዞርኩት ሳልሰለች፣ ሳልታክት።
ያን ዓመት ግን ደከምኩ።
ድካም ስል የወገብ፣ የእንቅልፍ አይደለም፤
ሳይጠራ ገብቶ ቁጭ፤ ልሂድ ማለት የለም።
ፀጉሬ ከማበጠሪያው ጋር እየሄደ፣
በሐምሌ ጠራራ እጄ እየበረደ፣
መሪው ላይ ዓይኔ እየከበደ፣
ቀይ መብራት ሲበራ ተመስገን እል ነበር፤
ለአፍታ ልከድነው።
አንድ ሽማግሌ ሳንቲም እስኪቆጥሩ
ጮህኩባቸው።
እሳቸው ሳይሆኑ እኔ አለቀስኩ፣ ሦስት ፌርማታ ሙሉ፤
ተሳፋሪዎቼ መስኮቱን እያዩ ዝም አሉ።

«የታይሮይድ ዕጢሽ ሰንፏል» አለችኝ ዶክተር ቪየስዋቫ፤
ክኒን ታዘዘ በሃምሳ፤
ሰባ አምስት ሆነ፤ መቶ ሆነ፤ እኔ ግን ያው ሬሳ።
በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣
አጥንቴም ሳስቷል አሉ፤
ካልሲየም ተጨመረ።
ሁለቱን አንድ ላይ፣ በትኩስ ቡና ከወተት ጋር፣
በመጨረሻው ፌርማታ፣ ሞተር ሳላጠፋ፣ አወራርዳቸው ነበር።

እናቴ አፖሎኒያ ሌላ ታሪክ አላት፤
ቼርኖቤል የፈነዳ ሰሞን፣
በትምህርት ቤት ግቢ አሰልፈው ያጠጡን
ያን ቡናማ አዮዲን፣ ብረት ብረት የሚለውን።
«ያኔ ነው የጀመረሽ» ትላለች።
ዶክተሯ «በፍጹም» ትላለች።
እኔ ግን ክኒኗ ምላሴን ስትነካ
የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤
ከፊቴ የቆመችው ልጅ ቀይ ሪባን ይታየኛል።

የመድኃኒት ቤቱ ካዬታን ነው የጠየቀኝ፤
ጢሙ ገና በወጉ ያልበቀለ ልጅ፤
«ለመሆኑ በምን ነው የሚውጧት?»
በምን?
ስንት ነጭ ጋውን፣ ስንት መርፌ፣ ስንት ወረቀት አልፌ
በምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ተከፈተ አፌ።

«በባዶ ሆድ» አለኝ፤ «በውሃ፤ ብቻዋን፤
ግማሽ ሰዓት ይስጧት፤ አይቀሟት ድርሻዋን።
ካልሲየሙ አራት ሰዓት ቆይቶ ይምጣ፤
ቡናውም ተራውን ይጠብቅ፤ ቀድሞ አይጠጣ።»

ከዚያ ወዲህ ነው ይህ ጨለማ የኔ የሆነው።
ቦጉሽ፣ ባሌ፣ የቡናውን ጣሳ
ሽታው እንዳይፈትነኝ መደርደሪያ አናት ሰቅሎታል፤
ጾሜን ሊጋራ ቃል ገብቷል፤
እያንኮራፋ ይጠብቃል።
እኔ ወጥ ቤት፣ መብራት ሳላበራ፣
እግሬን ማሞቂያው ላይ ሰቅዬ
ምንም አልሠራም።
ደቂቃ በደቂቃ የሰው መንገድ ስቆጥር ኖሬ
ማንም የማይሳፈርባት ግማሽ ሰዓት አገኘሁ ዛሬ።

በስድስተኛው ሳምንት እጄ ሞቀ።
ያ ብቻ።
ጓንቴን አውልቄ መሪውን ያዝኩት፤
ቅዝቃዜው የብረቱ ነበር፤ የኔ አልነበረም።

ሁልጊዜ አይሳካም።
ባለፈው እሑድ እንቅልፍ ጥሎኝ፣ ነቅቼ፣
ቡናዬን ከግማሽ በላይ ጠጥቼ
ከብርጭቆው ስር አየኋት፤
ተያየን፣
እንደ ተኳረፈ ጎረቤት።

ዛሬ ግን ጠበቅኳት።
በመጀመሪያው ፌርማታ እኚያ ሽማግሌ ቆመዋል፤
ሳንቲማቸውን በወፍራም ጓንት ይቆጥራሉ፤
አንዷ ወደቀች፤ ጎንበስ አሉ።
«ደህና አደሩ» አልኳቸው፤ «ቀስ ይበሉ።»
በሩ ክፍት ነው፤ በረዶው ይገባል፤
ከኋላ አንድ ሰው ሰዓቱን ያያል።
ሁለት… ሦስት… አሁንም አንዷ ጠፋችባቸው፤
ከመጀመሪያው ጀመሩ።