የማን ግራ?

ስድስት ዓመት ሙሉ
ጎንደር፣ ከሆስፒታሉ ጥግ፣ ረጅም አዳራሽ ባለው፣
"ገብቷችኋል?" ስላቸው
"አዎ!" ሲሉኝ ነው የኖርኩት፣ ቆርቆሮው እስኪያስተጋባው።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አፍ፣ አንድ አዎ፣
ያውም ዜማ ያለው።
እኔም አምኜ፣ እጄን ከጠመኔው አራግፌ፣
ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ለአዘዞ ታክሲ ተሰልፌ።
ፈተናው ሲመጣ ግን ያ አዎ የት ይገባል?
ግማሹን ሳላርም ቀዩ እስክሪብቶ ያልቃል።

ዘንድሮ አንድ ካርቶን መጣ፤
የክብሪት ሣጥን የሚያክሉ፣ አራት አራት ቁልፍ ያላቸው።
የግምጃ ቤቷ እትዬ ጥሩአይነት
በቁስል ፕላስተር ላይ ቁጥር ጽፋ ለጥፋባቸው፣
"አንድ ቢጠፋ ከደመወዝህ ነው" ብላ
አስፈርማ አስረከበችኝ ቆጥራቸው።

"ከሳንባ ታጥቦ ሲመለስ ደም
ከልብ አራት ጓዳ የቱን ቀድሞ ይረግጣል?
ተጫኑ፤ ስም የለም።"

ጸጥታ። የቁልፍ ጠቅታ፣ እንደ መጀመሪያ ካፊያ።
ከዚያ ግድግዳው ላይ አራት ምሰሶ ቆመ፤
እውነተኛው አጭሩ ነበር፣
ሃምሳ ሰባት ሰው ብቻ የተሸከመ።
ዝም አይነቅዝም ሲሉኝ አምኜ ያኖርኩት
ጎተራው ሲከፈት በነቀዝ አለቀ፣ ዱቄት ሆኖ አገኘሁት።

ማንም አልሳቀም።
"ከጎናችሁ ካለው ተከራከሩ" አልኩ፣ ሌላ መላ ስላጣሁ።
የደባርቁ ከመተማዋ፣ የቆላ ድባዋ ከጋይንቱ፣
እጅ ደረት ላይ፣ አንገት ወደ ኋላ፣ ተያያዙ በብርቱ።
"ግራው ወዲህ ነው!"
"የማን ግራ? የእኔ ወይስ የሥዕሉ?"
በመደዳዎቹ መሀል ስሄድ
ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ፤
ስድስት ዓመት ሙሉ
የማን ግራ እንደሆነ
አንድ ቀን አልነገርኳቸውም።

"ድጋሚ ተጫኑ" ስል መብራት ሄደ።
መጋረጃው እንደተዘጋ፣ በጨለማው ውስጥ
ሦስት መቶ አረንጓዴ ነጥብ በየጣቱ ስር ነደደ፤
መልስ ነው፤ ተቀባይ የለውም።

ያኔ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ዘንድ፣ አንዲት ልጅ፣
ሁለት መቶ አራት ቁጥር፣ ስሟን እስከዛሬ የማላውቃት፣
መጋረጃውን በክንዷ ሰብስባ፣ ብርሃኑ ፊቷን ሲመታት፣
"መምህር፣ እኔ ተሳስቼ ነበር የጫንኩት" አለች፤
"ለምን እንደሆነ ግን አሁን አውቄዋለሁ።"
ዞሬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፣
እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣
ሥዕሉ እኔ ሆኜ፣ ግራዬን አሳየኋቸው።

ካርቶኑ ማታ ሲቆጠር አንድ ጎደለ።
ይቆረጥ ከደመወዜ፤
ከእነሱ ስንት ተቆርጧል
"አዎ"ን ባመንኩ ጊዜ።