የአድራሻ መስመር

ከሲራጅጋንጅ ወደብ በጀልባ ተሳፍሬ፣
ሃምሳ የእርዳታ ቅጽ በፌስታል ከደረቴ አስሬ፣
ሐምሌ ነበር። ጃሙና አብጦ፣ ጠቁሮ፣
ደሴቱን እንደ ዳቦ ይቆርሳል አድሮ።
የመጣሁት ልቆጥር ነው፦
ማን ቀረ፣ ማን ሄደ፣
የማን ቤት ቆመ፣ የማን ቤት ተናደ።

ጎፉር ፕራማኒክን አገኘሁት ጣሪያ ላይ፣
ሚስማር በጥርሱ ነክሶ ቆርቆሮ ሲለያይ።
"አጎቴ፣" አልሁት፣ "ውረድ፣ ልጠይቅህ ጥቂት።"
"እዚሁ ጠይቀኝ፤ ወንዙ አይሰጥም ዕረፍት።"
ስም? ብዬ ጀመርሁ። ነገረኝ፣ ጻፍሁለት።
የአባት ስም? "ኮሲሙዲን። አፈር አልበረከተለት፣
መቃብሩን ውሃ ወሰደው በሌሊት።"
"መንደር?" ስለው ሳቀ፤ ሚስማሩ ካፉ አመለጠው።
"የትኛውን ልንገርህ? የተወለድሁበትን ዓሣ ነው የሚያርሰው፣
የተዳርሁበት ላይ የጭነት ጀልባ ያልፋል፣
ልጄን የቀበርሁበት… እሱስ ከባሕር ደርሷል።
ብቻ ጻፍ የፈለግኸውን።" መዶሻውን አነሳ፤
ሰባት ቤት የዞረ ቆርቆሮ፣ በሚስማር ብዛት የሳሳ።

ከታች ሚስቱ ጆይጉን፣ ዶሮዎቹን በእግራቸው አስራ፣
ቁርኣኑን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በሩዝ እንስራ ቀብራ፣
ፍየሏን እየጎተተች፣ ሳትዞር እንኳ ልታየኝ፣
"አንተ ልጅ፣ ወረቀትህን ተውና ይህን ቋሚ ያዝልኝ!"
ያዝሁ። ቋሚው ከበደኝ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ።
(ዲፕሎማ አለኝ እኔ፣ ዳካ ነው ትምህርቴ፤
ስለ ቋሚ አሸካከም አንድ ምዕራፍ የለም።
ሰላት ከተውሁም ሦስት ዓመት ነው፤ ለማንም አልነገርሁም።)

እየተንገዳገድሁ እንኳ፣ ምላሴ አልታሰር ሲል፣
"ሙስሊም ማለት፣" አልሁት፣ "እጅ የሰጠ ማለት አይደል?
የአላህ ፍርድ ነው ካልህ፣ ይህ ሁሉ ልፋት ምንድን?"
አንዱን ቆርቆሮ አወረደ። ጠረገ ላቡን።
"እጅማ ሰጥቻለሁ፣ ገና ድሮ፣ በልጅነት።
ሁለት ነው ያሉኝ፤ ሁለቱንም ለአንዱ ጌታ ነው የሰጠሁት፣
የቀረኝ ሦስተኛ የለ፣ ለወንዝ የማነሳለት።"
ይኸው ነው የተናገረው።
ቀጥሎ የጠየቀኝ ስለ ገመድ ነው።

ማታውን በጀልባ ተሻገርን፣ ዝናቡን ለብሰን፣
ፍየሏ ታለቅሳለች፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል መሐላችን።
የደረስንበት ትኩስ ደለል ነው፣ ካርታ ላይ የለም፤
አምና ውሃ ነበር፤ የከርሞውን አላውቅም።
ቤት ሳይቀልስ፣ ከብት ሳያስር፣
ጎፉር አንድ ቀርከሃ ተከለ በደለሉ ዳር።
"ምሰሶ ነው?" አልሁት። "አይ፣ ቂብላውን አመልካች ነው፤
መንደር ሲሄድ አይሄድም፤ እርሱን ነው የያዝነው።"
ከዚያው ቤቱን ከበላው ወንዝ ቀዳ በጣሳ ቆርቆሮ፣
ፊቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን ታጠበ፣ ሳያኮርፍ፣ እንደ ድሮ።

ሰገደ።
ግንባሩ ያረፈበት አሸዋ ጎደጎደ፣ ውሃ አዘለ፤
ቀና ሲል አየሁት፣ ሰማይ ገብቶበት ተንጣለለ።
ግንባር ሲባል የምሰማው ጦር የሚገጥሙበት ነበር፤
ሰው ሳይሸነፍ ሲማረክ ያየሁት፣ በዚህኛው ግንባር።
እኔ? ቆሜ ነበር። ጫማዬ እርጥብ ነው፤ ሰበብ አላጣሁም።
ኋላ ግን አወለቅሁት። ይህንንም ለማንም አልነገርሁም።

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ ቅጹን ገፋው፦ "መንደር የሚለው ባዶ ነው።"
ሁለት ጊዜ መለሰው። በሦስተኛው፣ ቢቸግረኝ፣ አሰብሁ፣
በአድራሻው መስመር ላይ አንዲት ቀርከሃ ሳልሁ፣
ከጫፏም ወደ ምዕራብ የሚያይ ቀስት ጨመርሁ።
መልስ አልመጣም እስካሁን። ምናልባት ጠፍቶ ይሆናል።
ደለሉም፣ በመስከረም ሳልፍ፣ ውሃ ሆኗል።
ቀርከሃው አንድ ክንድ ያህል ይታያል።