ጥያቄና ነጥብ

ቪርቬን አንዲት ሐሳብ ጎበኘቻት ሌሊት፣
ታርቱ ከተማ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ቤት፣
ማሞቂያው ሲንኳኳ፣ መስኮቱ በረዶ፣
ወንዙ ከድልድዩ ሥር በጭጋግ ተጋርዶ።

ሐሳቧ ትንሽ ናት፣ ሁለት ጭረት ቢሉ፤
ጥያቄና ነጥብ፣ ጎን ለጎን ሲውሉ፤
ፕሮግራሙ ሲሄድ ባዶ ካጋጠመው፣
"ባዶ ነው፣ እለፍ" ብላ የምታሻግረው።
ለዚህች አንድ እርምጃ አምስት መስመር ኮድ ነው
እስከ ዛሬ ድረስ እጅ የሚያደክመው።

ጠዋት ነገረችኝ። እኔም "ታምራለች፣
ግን ለማን? ደግሞስ የት?" ስላት ዝም አለች።
ያቺው አንዲት ነገር በር በለወጠች ቁጥር
ስም ትለውጣለች፦
አዳራሽ ገብታ ክስ፣ መጠጥ ቤት ገብታ ቀልድ፣
ሳውና ውስጥ ገብታ ከላብ ጋር የምትወርድ።

መጀመሪያ አዳራሽ። ወንበር ተደርድሯል፣
ሊቀመንበሩ ኤንዴል መነጽሩን ጠርጓል።
ሕጉም ተነበበ፦ ሐሳብ ያለው ይነሣ፣
ሦስት ደቂቃ ካለፈው ደግሞ እንዳያነሣ።
ቪርቬ ቆማ ገና "ባዶ ሲ..." ከማለቷ
በነጥቧ የተነሣ ጠብ ፈላ ከፊቷ፤
አንዱ "ነጥብ ትቅደም"፣ ሌላው "ጥያቄ ትቅደም"፣
ለምን እንደመጣች የጠየቀ የለም።

ከዚያ መጠጥ ቤት ነው፤ ምድር ቤት፣ የጡብ ግንብ፣
ቢራው እየመጣ ጠረጴዛ ሲከብብ፣
"እሰይ!" አሉ ሁሉ፤ ታቪ በሶፍት ላይ
ሣላት፣ ሳማት፣ ሰቀላት፣ ለሁሉም እንድትታይ።
አስተናጋጇ ስትጠርግ አፈሰቻት ከጠርሙስ ጋር፤
በማግሥቱ "ምን ነበር?" ነው፣ ማንም የለም የሚናገር።

ሳውናውስ? እዚያማ ሴቱ ሁሉ ራቁት ነው፣
ማዕረግ የተሰቀለው ከካፖርቱ ጋር ነው።
ድንጋዩ ላይ ውኃ ቸስ ሲል ሁሉም ተስማማ፤
በዚያ ሙቀት መሃል ማን ክርክር ሊሰማ!

እኔም ልናዘዝ፦ አንዴ ሐሳብ ነበረኝ፣
ሊፍት ውስጥ ለአለቃዬ ሹክ አልኩት፣ ቸኮልኩኝ፤
ከስድስተኛው ፎቅ እስከ ምድር ስንወርድ፣
በሩ ሲከፈት አየሁት በሱ ስም ሲራመድ።

ጆሮ ባዳ ነው አሉ፤ ቪርቬ ግን ያጣችው
ሐሳቧ ነገ ሌሊት ከእንቅልፉ የምትቀሰቅሰው
ያንን አንድ ሰው ነው።

ካልዩ ይባላል፤ ሃያ ስድስት ዓመት
ኮምፓይለሩን ሲያክም፣ ሲጠግን በሌሊት።
ስብሰባ አይወድም፣ ስልኩን ቤት ይተዋል፣
ቅዳሜ በረዶ ሰርስሮ ዓሣ ያጠምዳል።

ሄድን። ሐይቁ ነጭ፣ ከአድማስ የተሰፋ፣
ካልዩ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ቀዳዳው ተደፋ።
ቪርቬ ተንበርክካ በጓንቷ ጫፍ ጻፈች፣
ጥያቄና ነጥብ በበረዶው አኖረች።

ካልዩ አየ። ቆየ። ክሩን ሳብ አረገ፤
"አንድ ጊዜ" አለ፣ "ሰው አምቡላንስ ፈለገ፤
የመንገዱ ስም ባዶ። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ አለፈው፣
አልጮኸም፣ አልቆመም። ነግቶ ነው ያገኘነው።
ማለፉን አልጠላሁ፤ ምልክትሽም ታምራለች፤
ግን ባዶውን ስታልፍ ለማን ትናገራለች?"

ቪርቬ መልስ አጣች። ነፋሱ ከማዶ
ነጥቧን ሞላው፤ ጥያቄዋ ብቻዋን ቀረች በበረዶ።

ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ ሦስተኛ ጭረት ጨመረች፣
ባዶ ሲታለፍ ድምፅ የምታሰማ። "ማክሰኞ አዳራሽ" አለች፣
"ግን ቅዳሜ እንደገና ካልዩ ጋ።" ሌላ አልተናገረች።

ካልዩ የሰጠን ሁለት ዓሣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ
ከኋላ ወንበር ላይ ነበር፣ በረዶው ቀልጦ ጠብ ብሎ፤
መኪናዬ እስከ ዛሬ ይሸታል ዓሣ ዓሣ፣
ማክሰኞ አዳራሽ ስንሄድም ሽታው አብሮን ተነሣ።